መብረቅ የመታውን የነካች ሴት

በእኛ በኪሲ ኮረብታ የከሰዓት ዝናብ ያለ ነጎድጓድ አይመጣም። ደመናው ሲጠቁር ሻይ ለቃሚው ቅርጫቱን እንዳዘለ ከማሳው ዳር ወዳለው ትልቅ ባሕር ዛፍ ይሮጣል። ክዋምቦካ ብቻ ወደ ዛፉ አትጠጋም። ገና ከሩቅ ሲያጉረመርም ቅርጫቷን ጥላ በአቅራቢያው ያለው ትምህርት ቤት የግንብ ክፍል ውስጥ ትገባለች። ሴቶቹ ስኳር ነሽ እንዴ፣ እንዳትሟሚ እያሉ ይስቁባት ነበር።

ባሏን ኛምዌያን መብረቅ የመታው እዚያው ዛፍ ሥር ነው። በአገራችን መብረቅ የመታውን ሰው የሚያነጻው ሽማግሌ ሳይደርስ መንካት ነውር ነው፤ የነካው ሰው መዓቱን ወደ ልጆቹ ይዞ ይገባል ይባላል። ሽማግሌው ከወንዝ ማዶ እስኪመጣ እሷም እኛም ዙሪያውን ቆመን አየነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ፤ እኔም አልነካሁትም።

በኋላ የጤና ጣቢያዋ ነርስ፣ መብረቅ የመታው ገላ የሚነካውን እንደማይጎዳ፣ ልቡ የቆመም ደረቱ ቶሎ ከተገፋ አንዳንዴ እንደሚተርፍ ነገረቻት። ክዋምቦካ ወደ ቤቷ ሄደች። በሳምንቱ ተመልሳ እንዴት እንደሚገፋ አሳዪኝ አለቻት።

ባሏ በሞተ በስድስተኛው ዓመት መብረቁ የጎረቤቷን ልጅ ኬሙንቶን ጣላት። ክዋምቦካ ጩኸቱን ሰምታ በዝናቡ ስትሮጥ መጣች። ሰዉ እንደ ልማዱ ራቅ ብሎ ከቧል። የልጅቷ እናት ቦሲቦሪ እጇን ራሷ ላይ አድርጋ ቆማለች። አጎቴ ኦሪና የክዋምቦካን መንገድ ዘግቶ በልጇ ስም ጠራት።

«ተይ፣ የኦጌቶ እናት። ልጆች አሉሽ።»

«እርስዎ ይጸልዩ አባባ። እኔ ልግፋ።»

ተንበርክካ ገፋች። እጇ ሲዝል በሰውነቷ ክብደት ገፋች። እንግዲህ በቃ ስንል ልጅቷ አቃሰተች።

ከዚያ በኋላ ክዋምቦካ ቤት ውኃ የሚጠጣ ጠፋ። ፍየል አርዳ እንድትነጻ ተለመነች፤ እንቢ አለች። ማሳ ውስጥም ከጎኗ ያለው መስመር ሳይለቀም ቀረ፤ ቅጠሉ ጠነከረ።

በሦስተኛው ወር አንድ ጠዋት ቦሲቦሪ ሰው ሁሉ እያየ እዚያ መስመር ውስጥ ገባች። ሁለቱም ጎን ለጎን እስከ ግማሽ ቅርጫት ለቀሙ። ከዚያ ቦሲቦሪ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«ያኔ ባልሽ ኛምዌያ ነፍስ ነበረው?» አለቻት።

ክዋምቦካ ቀና አላለችም።

«አላውቅም። አልነካሁትማ።»