ሠርካዲስ ፈንታን ይቅር አለችው የተባለው

ሠርካዲስ ፈንታን ይቅር አለችው አሉ። አዋሽ ውስጥ የሻይ ብርጭቆ የጨበጠ ሁሉ ወሬው ይኸው ነው። ይቅር ማለት ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ሽማግሌ ተልኳል፣ ቀለበት ታዟል፣ ሠርጉ ሰመራ ነው የሚሉም አሉ። አንዱማ የሠርጉን በሬ በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ቀይ ነው ብሎ ምሏል። ማስረጃቸው ፈንታ በየወሩ መጀመሪያ ከሰመራ እየመጣ ሱቋ ውስጥ መዋሉ ነው።

ለማመን ግን ያስቸግራል። ሠርካዲስ እኮ ከአሥራ አራት ዓመት በፊት በሳምንቱ የተቀደደ ጫማ የሸጠላት ነጋዴ ደጅ ባለፈች ቁጥር እስከ ዛሬ እንትፍ የምትል ሴት ናት። ጫማው አፈር ሆኗል፤ እንትፍታው ግን እንደ አዲስ ነው።

ሥራዋ ለከባድ መኪና ሾፌሮች ፍላሽ ላይ ዘፈን መጫን ነው። የጅቡቲ መንገድ ሾፌር አዋሽ ሲደርስ ውሃ ይገዛል፣ ጎማውን በእግሩ መታ መታ ያደርጋል፣ ከዚያ ፍላሹን ይዞ ወደ እሷ። በረሃው መሀል ዓይኑን ከእንቅልፍ የሚጠብቅለት የእሷ ዘፈን ነው። እሷን ከጠየቃችኋት፣ የአገሩ ስንዴና ነዳጅ ከወደብ የሚገባው በእሷ ምርጫ ነው።

ባሏ ደግነትም ሾፌር ነበር። ኔትወርክ በሌለበት መንገድ ሲነዳ ዝም ማለት ስለማይሆንለት፣ ስልኩን ከፍቶ ለእሷ እያወራ ይቀዳል። ገዋኔ ላይ መንገድ ዘግተው አላሳልፍ ስላሉት ፍየሎች፣ ስለ ሚሌ ምግብ ቤት ጥብስ፣ ስለ ረዳቱ ማንኮራፋት። ቤት ሲገባ ሠርካዲስ ድምፁን ከሚሞሪው ወደ ኮምፒውተሯ ትገለብጥና ሚሞሪውን ባዶ አድርጋ ትመልስለታለች። እንዲህ እንዲህ እያለ ሰማንያ ሦስት ድምፅ ተጠራቀመ። ከዚያ ደግነት ታመመና ሞተ። እሷም ጠዋት ጠዋት ሱቋን ስትከፍት አንድ አንዱን እየሰማች፣ እሱ ሲቆጣ እየመለሰችለት ኖረች።

ሰማንያ ሦስቱም የተቀመጡት ዴስክቶፕ ላይ ነበር። ዘፈኑም እዚያው። ዓይኗ ያላየው ነገር የጠፋ ስለሚመስላት ሁሉን እስክሪኑ ላይ አሰጣችው፤ ከኮምፒውተሩ ጋር የመጣው የኋላ የአበባ ፎቶ ከታየ ሦስት ዓመት ሆኖታል።

ኮምፒውተሩ አረጀና ተንቀራፈፈ። አንድ ፍላሽ እስኪሞላ ሾፌሩ ጅቡቲ ደርሶ ይመለስ ጀመር። ደንበኛዋ ሰዒድ ይህን አይቶ፣

«ወላሂ እትዬ፣ ሰመራ ውስጥ ፈንታ የሚባል ባለሙያ አለ። የሞተ ኮምፒውተር ያስነሳል» አላት።

ኮምፒውተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ጋቢናው ውስጥ ጭኖ ወሰደላት፤ በአራተኛው ቀን መለሰላት። ስትከፍተው ሳያንገራግር ተነሣ። አበባው ወለል ብሎ ታየ። ከአበባው በቀር ምንም የለም።

ፈንታ ጋ ደወለች።

«ፋይሌስ?»

«ፎርማት አድርጌልሽ ነው እትዬ። አሁን ይበራል አይደል?»

«ፋይሌን ነው የምልህ!»

«አይዞሽ፣ ዲ የሚባለው የዲስኩ ክፍል ላይ ያለውን አልነካሁም።»

«የምን ዲ? ዴስክቶፕ ላይ ነበር!»

«ዴስክቶፕማ ሲ ላይ ነው። ሲ ደግሞ... ጠፍቷል። ኮፒ አልያዝሽም እንዴ?»

«አንተስ ጠየቅከኝ?»

«ሰው ሁሉ ዲ ላይ ያስቀምጣል ብዬ...»

ጆሮው ላይ ዘጋችው። አላለቀሰችም፤ ለቅሶውን ለሌላ ቀን ቀጥራ ሥራ ጀመረች።

መጀመሪያ ዘፈኖቿን ሰበሰበች። ይህ ቀላል ነበር፤ ለዓመታት የጫነችው ሁሉ በየጋቢናው አለ። ሾፌሮቹ ፍላሻቸውን እያመጡ መለሱላት፤ በሳምንቱ አራት ሺህ ዘፈን ዴስክቶፑን ሞልቶ አበባውን ሸፈነው። ከአዋሽ እስከ ወደቡ ድረስ ቅጂ ያልነበረው ደግነት ብቻ ነበር።

ቀጥላ የራሷን ድምፅ ቀዳች። በየአምስት ዘፈኑ መሀል ሸጎጠችው፦

«ወንድሞቼ፣ ሰመራ ውስጥ ፈንታ የሚባል አለ። የባሌን ድምፅ ሳይጠይቀኝ ያጠፋ እሱ ነው። ኮምፒውተር ብትሰጡት ያጠፋል፣ ስልክ ብትሰጡት ያጠፋል። ከጨበጣችሁት ጣታችሁን ቁጠሩ!»

መኪኖቹ ይዘውት ነጎዱ። ገዋኔ ላይ የፍየል ነጋዴዎች በቃላቸው ያዙት። ሚሌ ላይ አስተናጋጆቹ ጥብስ ሲያቀርቡ ያንጎራጉሩት ጀመር። ሰመራ ላይማ ግመሎች ፈንታ ሱቅ ደጅ ሲደርሱ መንገድ ይቀይራሉ ተባለ። ደንበኛውም ከግመሎቹ ተማረ። ሠርካዲስ ይህን በሰማች ቁጥር ልቧ ቅቤ ይጠጣል፤ ደስ ሲላት ደግሞ ሌላ ትቀዳለች። አሥራ ሰባት ዓይነት እርግማን ዴስክቶፑ ላይ ተደረደረ።

በሁለተኛው ወር ፈንታ ራሱ መጣ። ሃርድ ዲስክ ይዟል፤ ፊቱ ከስቷል።

«እትዬ፣ አጥፍቻለሁ። የጠፋ ፋይል የሚፈልግ ፕሮግራም አለኝ፤ ልሞክርልሽ።»

ቀኑን ሙሉ ሲፈልግ ዋለ። እሷ ከጀርባው ቆማ አንገቱን በዓይኗ ስትበሳ ዋለች። አመሻሹ ላይ ዘጠኝ ድምፅ ተገኘ።

«ዘጠኝ? ሰባ አራቱስ?»

«ፎርማት ሲደረግ ፋይሉ ያኔውኑ አይጠፋም እትዬ። የሚጠፋው ሌላ ነገር ሲጻፍበት ነው። ያን ዕለት ኮምፒውተሩን ዘግተሽው ቢሆን አብዛኛው ይገኝ ነበር። አንቺ ግን አራት ሺህ ዘፈን ጫንሽበት። በዚያ ላይ...» ጉሮሮውን ጠረገ፤ «እኔን የረገምሽባቸው አሥራ ሰባቱ አሉ።»

ሠርካዲስ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። ዘጠኙን በተራ ከፈተላት። በመጨረሻው ላይ ደግነት፣ «ሠርኬ፣ ዛሬ ሚሌ ላይ ምን እንዳየሁ ብነግርሽ...» ይልና ይስቃል፤ ሳቁ መሀሉ ላይ ይቆረጣል። ይህንን መቶ ጊዜ ሰምታዋለች። ምን እንዳየ ግን አላስታውስ አላት። ጣሪያውን አየች፣ ደጁን አየች፤ አልመጣላትም። ያኔ ወደ ፈንታ ዞረች።

«ስማ። በየወሩ ትመጣለህ። ዘጠኙን ሦስት ቦታ ትገለብጣለህ፤ አንዱ እዚህ፣ አንዱ ሰመራ አንተ ቤት፣ አንዱ ሰዒድ ጋቢና ውስጥ። ደህና መገልበጣቸውን ደግሞ ቁጭ ብለህ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እየሰማህ ታረጋግጣለህ። ይቺን የተቆረጠችዋንም። ከቀረህ አሥራ ስምንተኛውን እቀዳለሁ።»

ይኸው ያንን በረሃ አቋርጦ ይመላለሳል። የደግነትን ድምፅ ከመስማቱ ብዛት አሁን እሱም ፍየል ባየ ቁጥር በደግነት አነጋገር ይቆጣል ይባላል።

ባለፈው ወር መጀመሪያ፣ ጎረቤቷ ሻይ ሻጯ አሰፋሽ እልል እያለች ገባች። ፈንታ ጥግ ላይ ማዳመጫ ጆሮው ላይ ሰክቶ አንገቱን ደፍቷል።

«እንኳን ደስ አለሽ ሠርክዬ! ይቅር አልሽው አሉ! ሠርጉ ሰመራ ነው አሉ፣ በሬውም ተገዝቷል አሉ! ምነው ከእኔ ደበቅሽኝ?»

ሠርካዲስ ከፍላሹ ላይ ቀና እንኳ አላለችም።

«ውሸት ነው» አለች። «ሽማግሌ አልመጣም፣ ቀለበት የለም፣ በሬም የለም። አላገባውም። ይቅርም አላልኩትም፤ አልለውምም።»