የጥሩሐረግ ጡሩምባ

ጥሩሐረግ ከልጅነቷ ጀምሮ መጠየቅ የማይሰለቻት ሰው ነበረች። ከጎረቤት ወረዳችን ከዝቋላ የመጣ መንገደኛ እኛ አገር ሰቆጣ ሲደርስ ሌላው ስለ ዝናብ ሲጠይቀው፣ እሷ «ይህን ወሬ ማን ነገረህ? እሱስ ከማን ሰማ?» ትለዋለች። እኛ ጎረቤቶቿ «ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት ቢባል፣ ይቺ ልጅ ጨምራ ጨምራ ወሬውን አሳጣችን» እያልን እንስቅባት ነበር።

የምትጠይቀው ግን ነጠላዋን እስከ ዐይኗ ተከናንባ ነው። በልጅነቷ ፈንጣጣ ሁለት ወንድሞቿን ወስዶ የእሷን ፊት ጠቃጥቆ ትቶታል።

በ1963 ዓ.ም. ደሴ ውስጥ ለገጠር ሠራተኞች ስለ ዜናና ስለ ሕዝብ ማስተማሪያ ዘዴ ኮርስ ተከፈተ ሲባል ተመዝግባ ሄደች። ዜና መጻፍና በራዲዮ ማንበብ ተማረች። አንድ ጥያቄዋ ግን አስተማሪዋን አቶ ወልደ ጻድቅን ሁሌ ያስቸግራቸው ነበር፤ «ሰው የሰማውን ሁሉ አያምንም። የሚያምነው ምን ሲሆን ነው?» ደግ ሰው ነበሩና አልተቆጡም። «ለመስክ ሥራ አገርሽ ስትሄጂ መርምሪና ለእኔም ንገሪኝ» ብለው ጡሩምባ የመሰለ የቆርቆሮ ድምፅ ማጉያ አስያዟት።

ሰቆጣ ስትደርስ ፈንጣጣ ዝቋላ ገብቷል። ከታቢዎች ከገበያው ዳር ድንኳን ቢተክሉም የሚመጣላቸው አጥተው በማግሥቱ ጠቅልለው ሊሄዱ ነው። ወንድሞቿ ትዝ አሏት።

ገበያው ሲሞላ ድንጋይ ላይ ወጥታ ማጉያውን አፏ ላይ ደቀነች። «ስሙ! ስሙ! ሁላችሁም ወደ ድንኳኑ ኑ!» ኮርሱ ላይ፣ ይህን ጊዜ ሕዝቡ ይሰበሰባል ተብሎ ነበር። በእኛ አገር ግን «ስሙ» ተብሎ የሚጠራው ለግብር ወይም ለዘመቻ ነው። ከደሃና ወረዳ የመጣው ገበያተኛ አህያውን ጫነ። እኔም ገብሴን በስልቻዬ ከትቼ ላጥ አልሁ።

ሌላ ሰው ቢሆን ያለቅስ ነበር። እሷ ግን ከቦታቸው ወዳልተነሡት ጨው ነጋዴ ሄደች።

«እትዬ ሐሊሜ፣ እርስዎ ለምን አልሸሹም?»

«ይህን ሁሉ አሞሌ ተሸክሜ ወዴት ልሽሽ?» አሉ ሐሊሜ። «ደግሞ ድምፅሽን አውቀዋለሁ። ሌላው ጡሩምባውን እንጂ አንቺን መቼ አየ? ስለ ፈንጣጣ ልትናገሪ መጥተሽ ፊትሽን ትሸፍኛለሽ፤ በላዩ ያንን ቆርቆሮ ትደርቢበታለሽ!»

ቃሉ አመማት። ሆኖም ማጉያውን ከአሞሌው ኋላ አስቀምጣ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ አወረደች።

ጨው ሳይገዙ ቤት አይገባምና ገበያተኛው ቀስ በቀስ ተመለሰ። እኔም ተመለስሁ፤ የጎረቤቴን ሙሉ ፊት ያየሁት ያን ቀን ነው። ሐሊሜ አሞሌውን እየሰነጠቁ ለገዢው ሁሉ «ይቺን ልጅ እዩአት» ይላሉ። ዐይን አይቶ ልብ ይፈርዳል።

ልጅ ያዘለች የዝቋላ ሴት ከጥሩሐረግ ፊት ቆማ ብዙ አየቻት። ጉንጯን በጣቷ ነካ አደረገችና በአገሩ ቋንቋ በኽምጣንጋ «ያማል?» አለቻት።

«አሁን አያምም» አለች ጥሩሐረግ። «ሦስት ነበርን። የቀረሁት እኔ ነኝ።»

ሴትዮዋ አንቀልባውን ፈትታ ልጇን ደረቷ ላይ አቀፈችው። «ድንኳኑ የት ነው? ምሪኝ» አለች።

ጥሩሐረግ ነጠላዋን መልሳ ሳትከናነብ መራቻት። እኔም ገብሴን ለሐሊሜ አደራ ብዬ ተከተልኋቸው።