ጨው አልባ ጎደሬ

መቱ ላይ፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ዝቅ ብሎ፣ ጨው፣ ሳሙናና ላምባ የምትሸጥ ሙሉብርሃን የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ገብረ መድኅን በሕይወት ሳለ የተከራየው የፖስታ ሣጥን ነበራቸው። ሣጥኑ የሱቁ ይሁን እንጂ ደብዳቤው የአገሩ ሁሉ ነበር። የቡሬ፣ የኖፓና የሶር ማዶ ገበሬ የራሱ ሣጥን ስለሌለው፣ ልጁ ለብሔራዊ ውትድርና ሰሜን ሲሄድ «በገብረ መድኅን ሱቅ በኩል» ብሎ ይጽፍለታል። ገብረ መድኅን ሲሞት ሙሉብርሃን ሣጥኑን አልመለሰችም። ደብዳቤውን ከፖስታ ቤት እያመጣች በብስኩት ቆርቆሮ ታስቀምጣለች፤ ቅዳሜ ለገበያ የመጣ ይወስዳል።

ችግሩ ባለቤቱ ራሱ አለመምጣቱ ነው። እናት እግሯን ታማለች፣ አባት ቡና ይለቅማል። የሚላከው ጎረቤት ነው፤ የሰውን ጎረቤት ሁሉ ደግሞ ማን ያውቃል? ይህችን ቀዳዳ ያገኛት ጅራታ የሚባል ሰው ነበር። ጅራታ ክፉ አልነበረም፤ የምሥራች ይወድ ነበር እንጂ። የዘማች ደብዳቤ ይዞ ደጅ ላይ ቆሞ «የምሥራች» ያለውን ሰው «ምሥር ብላ» ብሎ በባዶ እጁ የሚሸኘው የለም፤ ወይ ቅቤ፣ ወይ ዶሮ፣ ሲቀናው ጠቦት ያገኛል። እናም «ዘመዳቸው ነኝ» እያለ ብዙ ደብዳቤ ወሰደ። የአንዲት የኖፓ ሴት ደብዳቤ ጠቦቷ እስኪደልብ ብሎ ኪሱ ውስጥ ሲያቆየው ዝናብ አበሰበሰው፤ ቀለሙ ሁሉ ፈሰሰ። ሴትዮዋ ልጇ ምን እንዳላት ሳታውቅ ቀረች። ሌላ ደብዳቤም አልመጣላትም።

ከዚያ በኋላ ሙሉብርሃን ሕግ አወጣች። ደብዳቤ የሚጠብቅ ሁሉ አንድ ቃል ይነግራታል፤ የሚልከውም ሰው ቃሉን ካልተናገረ አይወስድም። ግን ሰዉ የመረጠው ቃል አስቸገራት። ግማሹ «ማርያም» አለ፤ ግማሹ የበሬውን ስም ሰጠ። በሬ በስሙ እየተጠራ ነው የሚያርሰው፤ የጎረቤቱን በሬ ስም የማያውቅ ማን አለ? ጅራታ በሦስት ቅዳሜ አምስት ደብዳቤ በበሬ ስም አወጣ። አንድ ቀን እንዲያውም ከየፖስታው ላይ ስም እያነበበ፣ ለሁሉም ተራ በተራ «ማርያም» ብሎ ሞከረ፤ ሁለቱን አገኘ። ጅራታን በእርግጥም የሚልኩ ሰዎች ስለነበሩ ፊቱን አይታ ብቻ ልትከለክለው አልቻለችም።

ስለዚህ ሰዉን አንድ በአንድ እየጠራች ቃሉን አስቀየረች። ጎረቤት የማያውቀው፣ እናንተ የማትረሱት ይሁን ትላቸዋለች። ከሶር ፏፏቴ አጠገብ የመጣችው ተጂቱ ብዙ አሰበች። ልጇ ኩማ በሕፃንነቱ ጨው ከሌለው ጎደሬ በቀር አልበላም ብሎ አንድ ክረምት ሙሉ አስቸግሯት ነበር። «ጨው አልባ ጎደሬ» አለች፣ እየሳቀች፤ ሳቋን ሳትጨርስ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች።

ሌላም ሕግ ተጨመረ። በአንድ ደብዳቤ ላይ ቃሉ ሦስት ጊዜ ከተሳተ፣ ያ ደብዳቤ እስከሚቀጥለው ቅዳሜ አይወጣም። ስሕተቱን በእርሳስ ከፖስታው ጀርባ ታሰምራለች።

ከኩማ ስምንት ወር ወሬ ጠፍቶ ቆይቶ፣ በመስከረም አንድ ደብዳቤ መጣ። ቅዳሜ ማለዳ ጅራታ ከሁሉ ቀድሞ ደረሰ። የተጂቱን በሬ ስም ጠራ፤ የሟች ባሏን ስም ጠራ፤ ማርያምንም ጠራ። ሦስት መስመር ሆነ። ሙሉብርሃን ደብዳቤውን ከቆርቆሮው ታች ከተተችው።

ረፋዱ ላይ የተጂቱ ጎረቤት ሽብሬ ደረሰች፤ ቃሉን የተናገረችው ገና ሰላምታዋን ሳትጨርስ ነው። ተጂቱ ወባ ጥሏት እህል ከቀመሰች አራት ቀኗ እንደሆነ፣ ደጅ ኮሽ ባለ ቁጥር «ኩማ» እያለች እንደምትነሣ ነገረቻት። ሙሉብርሃን እጇን ወደ ቆርቆሮው ዘርግታ አቆመች።

«ሕግ ሕግ ነው፣ እትዬ ሙሉ» አለ ጅራታ፣ ከደጅ ተቀምጦ። «ለእኔ የተዘጋው ለእሷ ከተከፈተ፣ ሕጉ የወጣው ለጅራታ ብቻ ነው ማለት ነው።»

ገበያተኛው ያያል። ዛሬ ለአንዷ ቢላላ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ጅራታ ራሱ የታመመች እናት ይዞ ይመጣል። እስከዚያ ደግሞ ተጂቱ ላትቆይ ትችላለች። ሙሉብርሃን ከባሏ አርባ ወዲህ በገበያ ቀን ሱቋን ዘግታ አታውቅም። ዘጋችው።

«ለማንም አልሰጠሁም» አለችው፣ ቁልፉን እያዞረች። «እኔው ይዤው እሄዳለሁ።»

«እንግዲያ የምሥራቹንም እርስዎ ሊበሉት ነዋ» አለ ጅራታ፤ ሰዉ ሳቀ።

ከሽብሬ ጋር ጭቃውን ሲረግጡ ውለው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረሱ። ተጂቱ መደብ ላይ ተኝታለች። ሙሉብርሃን አጠገቧ ተቀምጣ አነበበችላት፤ ኩማ እግሩን ቆስሎ ሆስፒታል ነው፣ እየዳነ ነው፣ እናቱን ይናፍቃል። ተጂቱ ሦስት ጊዜ አስነበበቻት። ከዚያ ቀና ብላ ጎደሬ ካለ ስጡኝ አለች።

እየበላች ደብዳቤው ለምን በሽብሬ እጅ እንዳልመጣላት ጠየቀች። ሙሉብርሃን ነገረቻት። ተጂቱ አላምጣ ዋጠችና፣

«ኢንተለ ኮ፣ ልጄ» አለች፤ «የሳተው ሰውየው ነው። ወረቀቱ ምን አጠፋና ታሰረ?»

ተጂቱ ለምሥራቹ አንድ ገንቦ ማር ካልወሰድሽ ብትላት፣ ሙሉብርሃን ማሩን ኩማ ራሱ ሲመጣ እበላለሁ ብላ ተሰናበተቻት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከፖስታዎቹ ጀርባ መስመር ቀረ። ግድግዳው ላይ አንድ ካርቶን ተሰቀለ፤ ሦስት ጊዜ የሳተ ሰው ስሙ እዚያ ይጻፋል፣ ለአንድ ወር የማንንም ደብዳቤ አይጠይቅም፤ ደብዳቤው ግን ባለቤቱን እንደጠበቀ ይቆያል። የመጀመሪያው ስም የጅራታ ነበር። ጅራታ ሲጻፍ ቆሞ አየ፤ ጽሕፈትዎ ያምራል አላት፣ ጨው ገዝቶም ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ሽብሬ ደብዳቤ ኖረም አልኖረም በየቅዳሜው ብቅ ትላለች። «ጨው አልባ ጎደሬ» ብላ ታልፋለች፤ ተጂቱ ደኅና ናት ማለት ነው።

በሁለተኛው ዓመት፣ ቡና ለቀማው ሲያልቅ፣ ያንኑ ቃል የወንድ ድምፅ ተናገረው። ሙሉብርሃን በልማድ ወደ ቆርቆሮው ዞራ ነበር።

«ልወስድ አይደለም የመጣሁት፣ እትዬ» አለ። በምርኩዝ የቆመ ረጅም ልጅ ነው፤ በሌላው እጁ የያዘውን የማር ገንቦ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ።