በሰም የተደፈነ ጥርስ

ልብስ ሰፊዋ ሁለት የስፌት መኪና አላት። በአንዱ ትሰፋለች፤ ሌላው ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በጨርቅ ተሸፍኖ ከመስኮቱ ሥር ቆሟል። ደንበኛ ዕቃውን ሊያስቀምጥበት ሲል «እሱ ላይ አይደረግም» ትላለች። የሞተች ታላቅ እህቷ መኪና እንደነበር ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ሰፈሩ የማያውቀው ድምፁን ነው። ከቀትር በኋላ፣ ደንበኛ ጠፍቶ ቤቱ ጭር ሲል፣ በዚያ መኪና በኩል «ጥቅ» ይላል። ክር በጥርስ ሲበጠስ የሚሰማ ድምፅ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ስትሰፋ የኖረች ሴት ይህን ድምፅ ከሌላ አታምታታውም። እህትማማቾቹ ክር የሚቆርጡት በፊት ጥርሳቸው ነበር፤ የሁለቱም የላይ ጥርስ ጫፍ ክሩ የቦረቦረው ትንሽ ጎድጓዳ ምልክት ነበረው። «መቀስ ለሰነፍ ነው» ትል ነበር ታላቅየዋ።

ዘንድሮ ልብስ ሰፊዋ ስልሳ ስምንት ዓመት ሞላት። በግራ በኩል የመጨረሻው መንጋጋ ጥርሷ ሲጠዘጥዛት ወራት ቢያልፉም ለማንም አልተናገረችም። መጀመሪያ ዳቦዋን ሻይ ውስጥ እየነከረች በቀኝ በኩል ትበላ ነበር፤ በኋላ ዳቦውን ተወችው። የአፏን ሽታ ፈርታ ጎረቤት መሄድ አቆመች። ጤና ጣቢያ ስኳሯ ከፍ ብሎ ተገኘና «ጣፋጭ ይቀንሱ» ተባለች። የምትቀንሰው ምግብ ግን አልነበራትም።

ነገሩን የደረሰችበት የዚያችው እህቷ ልጅ ናት። ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ እሷው ያሳደገቻት፣ ቤት ለቤት እየዞረች የመብራት ቆጣሪ የምታነብ ሴት ናት። አንድ ማክሰኞ ለምሳ ብቅ ስትል አክስቷ ጎንበስ ብላ የወደቀ ጨርቅ ታነሳ ነበር። የልጅቱ ዓይን አክስቷ ቀሚስ ወገብ ላይ አረፈ። አንዱ ከሌላው እየጠበበ የተሰፋ ሦስት መስመር ስፌት ይታያል።

«አክስቴ፣ ይህን ቀሚስ ሦስት ጊዜ አጥብበሽዋል።»

«ጨርቁ ሰፍቶ ነው።»

«ጨርቅ ሲታጠብ ይጠባል እንጂ ይሰፋል እንዴ? በይ አፍሽን ክፈቺ።»

«ቆጣሪ መሰልኩሽ?»

«ቆጣሪማ ሲከፍቱት ይከፈታል።»

አክስትየዋን ሳቅ አመለጣት፤ ሳቁ ግን ከመሀል ተቆርጦ ማቃሰት ሆነ። ልጅቱ አገጯን ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረቻት። ድዷ አብጦ ቀልቷል። የጥርሱ ቀዳዳ ላይ ቢጫ ነገር ተጠቅጥቆበታል። ክር የሚለሰልስበት ሰም ነበር።

ልጅቱ እጇን ከአገጯ ላይ አነሳች።

ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት፣ በዚህችው ክፍል፣ አርባ የነርስ ጋዋን ለዓርብ ማድረስ ነበረባቸው። ማክሰኞ ታላቅየዋን ጥርሷ አመማት። «እስከ ዓርብ ቻይው፣ እትዬ» አለቻት ታናሽየዋ። ሰሙን በሻማ አሙቃ ቀዳዳውን በገዛ አውራ ጣቷ ደፈነችው። ሐሙስ የታላቅየዋ አንገት አበጠ። ዓርብ አርባውም ጋዋን ተተኩሶ ሄደ። እሑድ ትንፋሽ አጠራትና ሞተች።

ከዚያ ወዲህ ታናሽየዋ የገደላት ይህ ጣቴ ነው ብላ ኖረች። አሁን ያው ጥርስ በዚያው ጎን ሲያማት፣ ተራዬ ደርሷል አለችና ሰሙን አሞቀች።

«ተነሺ» አለች ልጅቱ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብለሽ ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ።»

የጥርስ ሐኪሙ ሰሙን በቀጭን መንጠቆ ፈልቅቆ ብረት ሳህን ላይ ጣለው። ሽታው ክፍሉን ሞላው።

«እማማ፣ ማን ነው እንዲህ የደፈነው?»

«እኔ።» ዓይኗን ከሳህኑ አልነቀለችም። «ዶክተር፣ እንዲህ አድርጎ የሌላ ሰው ጥርስ የደፈነ ሰው... ገዳይ ነው?»

ሐኪሙ ጓንቱን እያስተካከለ ለአፍታ አያት። «መግሉን ሰሙ አያመጣውም፣ ቀድሞ የነበረ ነው። መውጫውን ቢዘጋበት ግን ያባብሰዋል። ከሁሉ የሚከፋው መዘግየት ነው። እርስዎም አንድ ሳምንት ቢጨምሩ ኖሮ እዚህ ቁጭ ብለን አናወራም ነበር።»

ምሕረት ፈልጋ ከሆነ አላገኘችም። «እስከ ዓርብ» ያለችውም እሷው ነበረች።

ጥርሱ ተነቀለ። ጥጥ አስነክሷት «ግማሽ ሰዓት እንዳያወሩ» አላት። ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጡ። ልጅቱ የቆጣሪ መዝገቧን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ወደ ፊት ለፊቱ ግድግዳ እያየች ተናገረች።

«ሻማውን ይዤልሽ የነበርኩት እኔ ነኝ። ረስተሽው ነው?»

አክስቷ ዞር አለች።

«እማዬ ‹አክስትሽ ሐኪም ሆነች› ብላ ስቃለች። ሐሙስ አንገቷን አይተሽ ‹ሐኪም ቤት እንሂድ› አልሻት። ‹ስድስት ጋዋን ቀርቶኛል› ብላ እንቢ ያለችው እሷ ናት።»

ልብስ ሰፊዋ በኃይል ራሷን ነቀነቀች።

«አትነቅንቂ፣ ደሙ ይፈስሻል።»

ያ ሐሙስ ትዝ አይላትም። እብጠቱን ታስታውሳለች፤ «ሐኪም ቤት እንሂድ» ማለቷ ግን ከአእምሮዋ የለም። ልጅቱ ያየችውን ነገረቻት ወይስ አዝናላት ፈጠረችው? ጥጡን ነክሳ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አሰበችበት። ጥጡ ሲወጣም አልጠየቀቻትም።

በወሩ ዳቦ ማኘክ ጀመረች። ስኳሯ ወረደ፣ ከቀሚሷ ሦስት የስፌት መስመር አንዱ ተፈታ። የቀጠሮ ካርዷን መስታወቱ ጥግ ሰክታዋለች፤ ሐኪሙ ድዷን ገና ያየዋል።

አንድ ዓርብ የእህቷን መኪና ገለጠችው፣ አቧራውን ጠረገች፣ ዘይት ቀባችው። ከጎኑ ባለው ምስማር ላይ መቀስ በሪባን አሰረች።

ከቀትር በኋላ ድምፁ መጣ።

«መቀሱ ከጎንሽ ነው፣ እትዬ» አለች ከስፌቷ ቀና ሳትል።

ጥቂት ቆየና እንደገና ጥቅ አለ፤ በጥርስ።