ዘጠኝ የከሰል ክቦች

ጢጥ አለች። ትንሽ ቆየችና ደግሞ ጢጥ፣ ጢጥ። ባለፈው ጥር፣ የአያቱን ቦታ ይዞ አናጢ የሆነው ልጄ ከአርባ ምንጭ ያመጣት መሣሪያ ናት፤ የሆቴል በር ላይ ዘበኞች ሰው የሚፈትሹባትን ዓይነት፣ ጥቁር፣ ከክንድ የማትበልጥ። አሮጌ እንጨት ላይ ሲያስኬዳት ውስጡ ሚስማር ካለ ትጮኻለች። «እማዬ፣ ከእንግዲህ የመጋዝ ጥርስ አይረግፍም» አለኝ እየሳቀ። እኔ ግን አልሰማሁትም። የዝገትና የአሮጌ ዝግባ ሽታ አፍንጫዬ ገብቶ ወደ ድሮዋ ጂንካ ወስዶኝ ነበር፤ አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል ከሜዳው ከብት ወደሚባረርባት ጂንካ።

አባቴ አናጢ ነበር። የሥራ ቤታችን ከሜዳው በታች ያለች ባለ ቆርቆሮ ዳስ ነገር ናት፤ ዝናብ ሲመታት መነጋገር ስለማይቻል በእጅ ነበር የምንግባባው። ሠራተኞቹ ሦስት ነን፤ አባቴ፣ ታላቅ ወንድሜና እኔ። ሴት ልጅ አናጢ ቤት ምን ትሠራለች እንዳትሉኝ! ከትምህርት ቤት ስመለስ ሚስማር ነቃይዋ እኔ ነበርኩ። የነቀልኩትንም ድንጋይ ላይ እየቀጠቀጥኩ አቃናለሁ፤ በዚያ ዘመን አዲስ ሚስማር የት ተገኝቶ። ወንድሜን ጋሼ እለዋለሁ፤ እሱ ደግሞ አንደኛ ስለምወጣ ሊቋ ይለኛል። ሲያሾፍብኝም ሲኮራብኝም በዚያው ስም ነው።

ያን ዓመት ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ፣ ሚኒስትሪ ተፈታኝ። የማጠናው መሬት ላይ በደረቴ ተኝቼ ነው። ደብተሬ ሰጋቱራ ይለብሳል፣ ክርኔ ይላጣል። አንድ ቀን ጋሼ ክርኔን ይዞ አገላበጠና «የአናጢ ልጅ መሬት ላይ ስትጽፍ ሰው ምን ይለናል? ጠረጴዛ እሠራልሻለሁ» አለኝ።

«ሙች በለኝ።»

«ሙች!»

በኔ ነፍስ ማለልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጠረጴዛ በቀር ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

ግን እንጨቱ ከየት ይምጣ? ግቢያችን የተከመረው ጣውላ የኛ አልነበረም። አሮጌ የቡና መጋዘን ፈርሶ፣ ጣውላው የተማሪ ዴስክ እንዲሆን ለአባቴ ተሰጥቶት ነው። ዕድሜ ልኩን ቡና ሲጠብቅ የኖረ ዝግባ ስለሆነ መጋዝ ሲገባበት የቡና ገለባ ይሸት ነበር። አባቴ ደግሞ በጸሎት ቤት ያደገ የአሪ ሰው ነው፤ ሰባራ ሚስማር እንኳ «የልጆቹ ነው» ብሎ ለብቻ ያስቀምጣል። ከዚያ ላይ ለልጁ ጠረጴዛ? አይታሰብም! ቢሆንም ለመንኩት። «ዴስኩ አልቆ ከተረፈ» አለኝ። እንደማይተርፍ እሱም እኔም እናውቃለን። ለኛ የተፈቀደልን ሚስማር በዝቶበት ለሥራ የማይሆነው ብቻ ነው፤ እሱንም ለማገዶ።

ሥራው በተጀመረ በሦስተኛው ቀን መጋዙ ሚስማር ነከሰ። ድምፁን ሳስበው እስከ ዛሬ ጥርሴን ይጠዘጥዘኛል። ራሱ ተቆርጦ እንጨቱ ውስጥ የቀረ ሚስማር ነው፤ በዓይን አይታይም። አራት ጥርስ ረገፈ። መጋዛችን አንድ ነው፤ እሱ ቢሰበር ቤታችን ጦሙን ያድራል። አባቴ መጋዙን ጭኑ ላይ አጋድሞ እንደታመመ ልጅ ይዳብሰዋል። ጋሼ ትንሽ አየውና ቤት ገባ፤ ሬዲዮኑን ይዞ ወጣ። ከኦሞራቴ ከመጣ ነጋዴ የገዛት፣ ጆሮው ላይ ለጥፎ የሚውልባት ሬዲዮ! ፈታታት። ከድምፅ ማጉያዋ ማግኔቱን አወጣና በክር አንጠለጠለው።

«ሬዲዮህን?» አለ አባቴ ደንግጦ።

«ሬዲዮ ወሬ ነው፣ አባባ። የሚያበላን መጋዙ ነው።»

ማግኔቱ ጣውላው ላይ ተንጠልጥሎ በዝግታ ይሄዳል። የተደበቀ ሚስማር አጠገብ ሲደርስ ክሩ ዘንበል ይላል፤ ትንፋሽ ውጦ ካልተመለከቱት ያመልጣል። ዘንበል ያለበት ቦታ ላይ በከሰል ክብ ይደረጋል። አባቴም ሕግ አወጣልን። ክብ ላይ መጋዝ አያልፍም። ክቡን የሚያነሳውም ያደረገው ሰው ራሱ ነው፤ ሚስማሩን አስወጥቶ፣ ደግሞ ፈትሾ፣ በገዛ እጁ ያጠፋዋል። ሌላ ሰው አይነካውም። «ማግኔት አይዋሽም» ይል ነበር አባቴ። አንዴ ካመነ አመነ ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አባርቶ፣ በቆርቆሮው ቀዳዳዎች የገባው ፀሐይ ሰጋቱራው ላይ ነጠብጣብ ጥሏል። አባቴ ያለቁ ዴስኮች ሊያደርስ ወጥቷል። ጋሼ ከክምሩ ሥር አንድ ጣውላ ሳበ። እንዲያ ያለ እንጨት አላየሁም፤ ሰፊ፣ ቀጥ ያለ፣ ጉጥ የሌለው። ጉጠቴን ይዤ ስጠብቅ «ሊቋ፣ ውሃ አምጪልኝ፣ ጉሮሮዬ ደረቀ» አለኝ። ሮጥኩ። ስመለስ ጣውላው ዘጠኝ ቦታ ላይ ክብ ተደርጎበታል፤ ጋሼ ያፏጫል። ውሃውን ተቀበለኝና ሳይቀምሰው መሬት ላይ አስቀመጠው።

«ለዚህ ነው እንዴ ያስሮጥከኝ?» ብዬ ተነጫነጭኩ። ከዚያ ሚስማሮቹን ልነቅል ጎንበስ ስል ከለከለኝ።

«ተዪው። ይሄ ወንፊት ነው፤ ሚስማሩ ቢወጣ እንጨት አይተርፈውም።»

አባቴ ሲመለስ ክቦቹን ቆጠረና ከንፈሩን መጠጠ። «እንዲህ ያለ እንጨት! በል ወደ ማገዶው» አለ። ጋሼ ግን ወደ ማገዶው አልጣለውም፤ ከጣሪያው ሥር ሰቀለው።

ወር ሳይሞላ ለብሔራዊ ውትድርና ስሙ ወጣ። ምልምሎቹን በሚጭነው ኤንትሬ መኪና ላይ ሲሳፈር እናቴ ታለቅሳለች፣ አባቴ መሬት መሬት ያያል። እኔስ? «ጠረጴዛዬስ?» አልኩት! ወንድሜ ሊዘምት፣ እኔ ጠረጴዛ! ዛሬም ሳስበው ፊቴ ይቀላል። እሱ ግን ሳቀ። «እንጨቷ ተገኝታለች። ልምጣና!» አለኝ። መኪናው ወደ ወይጦ ቁልቁል ሄደ፤ አቧራው እስኪበርድ ቆመን ቀረን።

አልመጣም። በሁለተኛው ዓመት መርዶው መጣ።

ለለቀስተኛው ምግብ ማብሰያ እንጨት ሲያጥር ጎረቤቶች ያንን ጣውላ ሊያወርዱ ተንጠራሩ። አባቴ ከተቀመጠበት ብድግ አለ። «ተዉት! ሚስማር አለበት፣ አይነድም» አለ። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ሚስማር ያለበት እንጨት አይነድም ሲባል ማን ሰምቶ ያውቃል? ሐዘን ነው ብለን ተውነው። ከሰልስቱ በኋላ ደግሞ የግቢያችንን ዋንዛ ቆርጦ አንድ ዴስክ ሠራና፣ ማንም ሳይጠይቀው ለትምህርት ቤቱ ሰጠ። ለልጁ መታሰቢያ ነው አልን። ጣውላውን ግን አባቴ እስኪሞት ማንም አልነካው፤ ከሞተም በኋላ እዚያው ተረሳ።

እውነቱን ልናገር፣ ጋሼን ተቀይሜው ነበር። የሞተ ሰው ይቀየሙታል? እኔ ተቀየምኩት። በኔ ነፍስ ምሎ፣ «ተገኝታለች» ብሎ ሸንግሎኝ ሄደ አልኩ። ሚኒስትሪውን መሬት ላይ አጥንቼ አለፍኩ፣ አስተማሪ ሆንኩ፣ ጡረታም ወጣሁ። ቅያሜው ግን እንደ ስንጥር ውስጤ ቀርቶ አልፎ አልፎ ይወጋኝ ነበር።

እና ባለፈው ጥር ልጄ መሣሪያዋን ሲሞክር፣ «እማዬ፣ አያቴ አይነካም ያለው ጣውላ ስንት ሚስማር እንዳለው እንየው እስቲ» አለና አወረደው። አቧራውን በመዳፉ ሲጠርግ ክቦቹ ብቅ አሉ። ደብዝዘዋል፤ ግን ዘጠኝ ናቸው። መሣሪያዋን በመጀመሪያው ላይ አስኬዳት። ዝም። በሁለተኛው ላይ። ዝም። «ባትሪዋ አልቆ ይሆን?» ብሎ የበሩን ማጠፊያ አስነካት፤ ጮኸች። ተመልሶ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን፣ እስከ ዘጠነኛው ድረስ ሞከረ። ገልብጦም በጀርባው ፈተሸ። አንድም ሚስማር የለበትም።

«ይገርማል! ይሄን ሁሉ ክብ ማን ነው የተሳሳተው?» አለ።

ሰጋቱራው ላይ ቁጭ አልኩ። ልጄ ያመመኝ መስሎት ደነገጠ። ጋሼ አልተሳሳተም፤ ለኔ ብሎ ዋሽቷል። አባቴም ደርሶበታል። አናጢ እኮ ነው፤ እንጨት አንዴ ቢያንኳኳ ውስጡን ያውቃል። ያ የዋንዛ ዴስክ የዚህ ጣውላ ምትክ ነበር። ታዲያ አውቆ ለምን ራሱ ጠረጴዛውን አልሠራልኝም? ክቡን የሚያነሳው ያደረገው ሰው ነዋ። ከመርዶውም በኋላ ልጁን ይጠብቅ ነበር፣ አባቴ። እዚያው እንደ ልጅ አለቀስኩ፤ ለሁለቱም።

አሁን ጠረጴዛዬ ተሠርታለች። ልጄን ላይዋን እንዳትልግ፣ መጋዝህም ክብ እንዳይነካ ብዬ አስጠነቀቅኩት። ዓይኔ ስለደከመ ብዙ አላነብባትም፤ ጠዋት ጠዋት ክርኔን ክቦቹ መሀል አስደግፌ እቀመጣለሁ። ቤቱ ውስጥ ሰው ከሌለ አወራዋለሁም።

«ጋሼ፣ ያን ቀን እኮ ውሃ አልጠማህም ነበር» እለዋለሁ።