ሐረጉ የረገፈው በእኔ እጅ ነው

ሁሴን ሞተ አሉኝ። እንዴት ያለ ወሬ ነው? ባለፈው ቅዳሜ እኮ ሰላምታ ልኮልኛል። ወሬውን ከመቂ ያመጣውን የከብት ነጋዴ ሦስት ጊዜ አስማልኩት። ቀብሮት ነው የመጣው።

የአዳማ ወዳጆቼ፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ስናገር ሌላ ሰው ይጽፋል። ጽሑፉ ከእጅ እጅ ይዙር፤ ማንበብ የማይችል ያስነብብ።

ከሁሴን ጋር ባቡር ጣቢያው አጠገብ በአንድ ዳስ አሥራ ሁለት ዓመት ሠርተናል። እኔ የጎራዴውን ብረት በቀጭን ቦይ እቦረቡራለሁ፣ እሱ በቦዩ ውስጥ የብር ክር ያስገባል። ቦዩ አፉ ጠበብ፣ ሆዱ ሰፋ ማለት አለበት፤ ያን ጊዜ ብሩ በመዶሻ ሲመታ ገብቶ ይቀራል። እንደ እኔ የሚቦረቡር አልነበረም፤ ጉራ አይደለም።

ስቸኩል ሲያየኝ፣ "ቀስ በል ወልዴ፤ ብረት እግር የለው" ይለኝ ነበር።

ለባላባቱ ልጅ ሰርግ በብር ሐረግ ያጌጠ ጎራዴ ሠራን። ሁሴን ቦዩን በጥፍሩ ዳሰሰና ሆዱ አልሰፋም አለኝ። ተቆጣሁ። አንተ ብርህን ምታ አልኩት።

በሰርጉ ዕለት ሙሽራው ጎራዴውን ሲመዝ የብሩ ሐረግ ተላቆ እንግዳው ፊት ረገፈ። ዘፈኑ ተቋረጠ። ባላባቱ፣ "ይህ የማን እጅ ነው?" አለ።

የእኔ ነበር። ያን ዓመት ዓይኔ መድከም ጀምሮ ነበር። ከሁሴን በቀር ይህን የሚያውቅ አልነበረም፤ ቢታወቅ ሥራ የሚያመጣልኝ የለም።

ሁሴን ተነሣ። "የእኔ ነው ጌታዬ። ብሩን አጥብቄ ሳልመታው ቀረሁ።"

ከዚያ ወዲያ ሥራ የሚሰጠው ጠፋ። ጓዙን ጠቅልሎ መቂ ወረደ። እኔ እዚሁ ባለሙያ እየተባልኩ ተቀመጥሁ። "ብሩ የሚረግፍበት ሁሴን" እያላችሁ ስትስቁ፣ አብሬያችሁ ስቄያለሁ።

እሱ ግን በሚመጣው ነጋዴ ሁሉ የሚልክልኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ "ዓይንህ እንዴት ነው?"

እንግዲህ ስሙ። ሁሴን የመታው ብር ረግፎ አያውቅም። የረገፈው እኔ የቦረቦርኩት ነው። ልጆቹ በአባታቸው ስም አንገት አይድፉ።

ሁሴን ወንድሜ፣ አላህ በደስታ ይቀበልህ። በሕይወትህ ሳለህ ልናገረው ይገባኝ ነበር፤ ፈራሁ። ሰሞኑን መቂ ይወስዱኛል። ዓይኔ መቃብርህን ባይለየው፣ በእጄ ዳስሼ አገኝሃለሁ።