የሸርጣን እንፋሎት

ባሌ አላስካ ለመሄድ የቆረጠው ቴክሳስ፣ ፎርት ዎርዝ ውስጥ በነሐሴ ሙቀት ተዝለፍልፎ በወደቀበት ሳምንት ነው። ዌርሃውስ ውስጥ ከተሳቢ መኪና ካርቶን ያወርድ ነበር። ተሳቢው ፀሐይ ላይ ሲውል ውስጡ እሳት ነው። ጓደኞቹ ጎትተው አውጥተው ውሃ አፈሰሱበት። ከዚያው አጠገብ ዩለስ ያለው አፓርትመንታችን ሲገባ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ፣ ጫማውን ማውለቅ አቅቶት ሶፋው ላይ ወደቀ። እኔ ያኔ ኤርፖርት ውስጥ አውሮፕላን አጸዳ ነበር፤ ለሥራ ልወጣ ስል ነው የደረሰው። ቀረሁ።

ከቤተ ክርስቲያን የምናውቀው አንድ ሰው ነበር፤ በየዓመቱ ዊንተር ላይ ይጠፋና ፋሲካ ሲደርስ ይመለሳል። በዚያው ሳምንት ሊጠይቀን መጣ። የት እንደሚጠፋ ባሌ ሲጠይቀው አላስካ፣ ቤሪንግ ባሕር መካከል ስላለች አንዲት ደሴትና እዚያ ስላለ የሸርጣን ፋብሪካ አጫወተን። መኝታውም ምግቡም ከፋብሪካው ነው፤ ባልና ሚስትም ይቀበላሉ።

"ብርዱስ?" አልኩት።

"ብርድማ አለ። ለብርድ ልብስ ትደራርቢያለሽ። ለሙቀት ግን ቆዳሽን አታወልቂም።"

ባሌ ያን ሳምንት የሳቀው በዚህ ብቻ ነው።

አፓርትመንቱን ለቀን ዕቃችንን ስቶሬጅ አስገባን። አዲሱ የፈረንጆች ዓመት እንደገባ ከአንኮሬጅ በትንሽ አውሮፕላን ተሳፈርን። ጭጋጉ አላሳርፍ ብሎ ከደሴቲቱ አናት ላይ መለሰን፤ በማግስቱ ግን አረፍን። አንድም ዛፍ የለም። ጥቁር ድንጋይ፣ የተኛ ሣር፣ ባንድ ኮረብታ ሥር የተሰበሰቡ ቤቶች፣ ከዚያ ወዲያ ባሕር ብቻ ነው።

ሸርጣኑ ከነነፍሱ ከጀልባ ይወርዳል። ይሰነጠቃል፣ እግሩ በቅርጫት ተደርጎ የፈላ ውሃ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ቀዝቅዞ ይታሸጋል። እኔን ማሸጊያው ጋ፣ ባሌን መቀቀያው ጋ መደቡን። ከቆምኩበት ቀና ስል ከወገቡ በታች ብቻ ነበር የሚታየኝ፤ ከወገቡ በላይ እንፋሎት ነው። መጀመሪያ ላይ ቦታውን ወዶት ነበር።

"ከሁላችሁም የሚሞቀው እኔን ነው" ይለኝ ነበር።

ሸርጣን ክንፍም ቅርፊትም ስለሌለው እኛ ዘንድ አይበላም። ፊሊፒኖዎቹና ሜክሲኮዎቹ የተሰበረውን እግር በሳህን ቆልለው ሲበሉ ባሌ ሩዝና ባቄላውን ይዞ ከጎናቸው ይቀመጣል።

"ሌላው ሰው እኮ ለዚህ ሬስቶራንት ይሰለፋል" አለው አንደኛው።

"ለእኔ ሥራ ነው" አለው ባሌ።

የሠራተኛውን ልብስ የሚያጥቡት አንዲት የደሴቲቱ ተወላጅ አሮጊት ነበሩ። እንግሊዝኛ አንቺንና አንቱን አይለይም፤ እኔ ግን በልቤ ሁልጊዜ አንቱ ነበር የምላቸው። አንገቴ ላይ ያለውን መስቀል አይተው "ኦርቶዶክስ ነሽ?" አሉኝ። ነኝ አልኳቸው። "እኛም ነን" አሉና ከአንገታቸው ሥር የራሳቸውን አወጡ። ድሮ ሩሲያኖች ይዘውት የመጡት ሃይማኖት ነው። ገናንም በእኛው ቀን ነው የሚያከብሩት። በደረስን በጥቂት ቀን ውስጥ ባሌና እኔ የእንጨት ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ ቆመን በማናውቀው ቋንቋ ገናን አከበርን። ባሌ ሲወጣ "ዳላስ ሥራ ገብቼ ከቀረሁበት ገና ይሻላል" አለ።

ሳል የጀመረው የመጀመሪያው ዊንተር ሊያልቅ ሲል ነው። ከሥራ ሲወጣ ደረቱ ያፏጫል። ብርድ ነው አልን። የሸርጣኑ ሥራ ሲያልቅ፣ በጋውን ሃሊበት የሚባለውን ጠፍጣፋ ዓሣ ለማጽዳት ስንቆይ፣ ሳሉ ጠፋለት። በቃ ብርድ ነበር አልን።

በዚያ በጋ አሮጊቷ በዕረፍት ቀኔ በፒክአፓቸው ይዘውኝ ወደ ገደሉ ሄዱ። ገደሉ ጫፍ ላይ በደረታችን ተኝተን ቁልቁል አየን። መር የሚሏቸው ወፎች ናቸው፤ ዳክዬ ያክላሉ፣ ጀርባቸው ጥቁር ሆዳቸው ነጭ ነው፤ ቅዳሴ ላይ እንዳለ ሰው ትከሻ ለትከሻ ቆመዋል። ጎጆ አይሠሩም፤ ዕንቁላላቸውን ባዶ ድንጋይ ላይ ይጥላሉ። አንድ ጫፉ ሹል ስለሆነ ተንከባሎ ገደል አይገባም። የአሮጊቷ አባት በወጣትነቱ ወገቡን በገመድ ታስሮ እየወረደ ዕንቁላሉን ይለቅም እንደነበር፣ ወንድሞቹ ከላይ ገመዱን ይዘው እንደሚስቡት ነገሩኝ። ከዊንተር በኋላ የመጀመሪያው ትኩስ ምግብ የወፍ ዕንቁላል ነበር።

"አሁንስ ማን ይለቅማል?" አልኳቸው።

"ምን ይለቀማል? እያቸው፤ ባዶ ድንጋይ ላይ ነው የቆሙት። ይኼ ሁሉ በፊት ጥቅጥቅ ያለ ነበር።"

እኔ ብዙ መስለውኝ ነበር። እሳቸው ካሉ በኋላ ስመለከት ድንጋዩ እዚህም እዚያም ተራቁቷል።

በጋው ሲያልቅ ከትልቅ ንፋስ በኋላ ወፎቹ ባሕሩ ዳር ሞተው ተገኙ። አሸዋው ላይ፣ የባሕር ሣሩ ውስጥ፣ የጀልባ ገመድ መሐል። አሮጊቷ አንዷን አንሥተው ሰጡኝ።

"ደረቷን ዳብሺ።"

ላባው ሥር ሥጋ የለም። የደረቷ አጥንት እንደ ቢላ ስለት ወጥቷል። የተራበ ከብት አይቻለሁ፤ የተራበ ወፍ ግን በእጄ ይዤ አላውቅም ነበር። ምንም አትከብድም።

"ታማ ነው?"

"ርቧት ነው። ይኼን ሁሉ ውሃ እያየች።"

ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አስረዱኝ። ድሮ ባሕሩ ዊንተር ላይ በረዶ ይለብስ ነበር። በረዶው ሲቀልጥ ባሕሩ ሥር ቀዝቃዛ ውሃ ይቀራል፤ ወፎቹ የሚበሉት ትንንሹ ዓሣም ሸርጣኑም የሚኖረው በዚያ ነው። አሁን በረዶው ይዘገያል፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይመጣም። ውሃው ሞቀ። ከደቡብ ትልልቅ ዓሣ መጥቶ ትንሹን ይሻማል።

"ልጄ ሸርጣን አለ ይላል" አሉ። ወንድ ልጃቸው ጀልባ ነበረው፤ ለእኛው ፋብሪካ ነበር የሚያጠምደው። "እኔ ግን ወፎቹን አይቼ ፈርቻለሁ።"

ሁለተኛው ዊንተር ገባ፤ መቀቀያው ተለኮሰ፤ ባሌ በጥቂት ቀን ውስጥ መተንፈስ አቃተው። ደረጃ ሲወጣ መሐል ላይ ቆሞ ግድግዳ ይደገፋል። ክሊኒክ ወሰድኩት። ነርሷ ደረቱን አዳምጣ፣ የት እንደሚሠራ ጠይቃ፣ ብዙ አልመረመረችም።

"የሸርጣን አስም ነው። ብዙ አይቻለሁ። ሲቀቀል በእንፋሎቱ የሚወጣውን ሳንባህ ጠልቶታል፤ አንዴ ከጠላው ደግሞ አይመለስም።"

"በልቼው አላውቅም እኮ" አላት።

"መብላት አያስፈልግህም።"

ወደ አፍ የሚነፋ የአስም መድኃኒት፣ ኢንሄለር፣ ሰጠችው። አለቃው ወደ ፍሪዘሩ አዛወረው፤ ግን ጣራው አንድ ነው፣ እንፋሎቱ እዚያም ይደርሳል። እንሂድ አልኩት።

"የት? ወደ ተሳቢው? ይኼን ሲዝን ልጨርስና እናስብበታለን።"

ሲዝኑ ራሱ ቀድሞ አለቀ። ጀልባዎቹ ብዙ ቀን ባሕር ላይ ውለው አድረው ጥቂት ይዘው ይመጣሉ። የአሮጊቷ ልጅ ወጥመዱን ሲያወጣ የሚያገኘው ጭቃና ኮከብ ዓሣ እንደሆነ ካፍቴሪያ ውስጥ ሲናገር ሰማሁት። ሥራ የሌለበት ቀን እየበዛ ሄደ። አንድ ቀን ጠዋት ማናጀሩ ሁላችንንም ሰበሰበንና ባሕሩ ውስጥ ሸርጣን እንደሌለ፣ ፋብሪካው እንደሚዘጋ፣ የመመለሻ ትኬት እንደሚሰጠን ነገረን። አንዱ ፊሊፒኖ ጓንቱን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስተካክሎ አስቀመጠና ወጣ።

የአሮጊቷ ልጅ ጀልባውን ሊሸጥ ቢል ገዢ አጣ። ጥሎት ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ አንኮሬጅ ገባ። እሳቸው ቀሩ። አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ ሸኙን።

"ሳንባውን ጠብቂለት" አሉኝ።

ዩለስ ተመለስን። እኔን ኤርፖርቱ መልሶ ቀጠረኝ። ባሌ ከባድ ሥራ ስለማይችል በመኪናው ምግብ ዴሊቨር ማድረግ ጀመረ። ደህና ነበር። ደረጃ ይወጣል፣ ይስቃል፣ ይተኛል። አንድ ቀን ግን ፊቱ አመድ መስሎ ገባ።

"እዚሁ ቤድፎርድ አንድ ሬስቶራንት ኦርደር ፒክ ላደርግ ገብቼ ነበር። በሩን ስከፍት ያ ሽታ። ወዲያው ደረቴ ተዘጋ።"

እዚህ አካባቢ ሸርጣን በቅመም ቀቅለው በፕላስቲክ የሚያቀርቡ ቤቶች ሞልተዋል። ከዚያ በፊት ልብ ብለናቸው አናውቅም።

"ሶ፣ ከእነዚህ ቤቶች አትቀበል።"

"ኦኬ፣ አልቀበልም። እኔ እኮ ሸርጣን አልቋል ብዬ ነበር" አለ። "ከየት ነው የሚያመጡት?"

እንዳለውም አልተቀበለም። ስልኩ ላይ ኦርደር ሲመጣ የቤቱን ስም አንብቦ ያልፈዋል። የዚያን ቅዳሜ የመጣለት ግን የዶሮ ክንፍ ነበር፤ ቤቱም የክንፍ ቤት ነው። ወጥ ቤቱ ውስጥ ሌላ ምን እንደሚቀቀል በሩ ላይ አልተጻፈም። ሰው ሞልቶ ስለነበር ቆሞ ጠበቀ። በኋላ እዚያ የነበረች ልጅ እንደነገረችኝ፣ ሲያስለው አይታ ውሃ ልትሰጠው ስትል እጁን አወዛውዞ ወጣ። ፓርኪንጉ ውስጥ መኪናው በር ላይ ተደግፎ አገኙት። ኢንሄለሩ በእጁ ነበር፤ ነፍቶታል፤ አላዳነውም።

ሺፍት ላይ ሆኜ ነው የተደወለልኝ። ሆስፒታል ስደርስ ጉሮሮው ውስጥ ቱቦ ገብቶ ማሽን ይተነፍስለት ነበር። ሐኪሟ ምን አለርጂ እንዳለበት ጠየቀችኝ።

"ሸርጣን" አልኳት።

"ዛሬ በልቶ ነበር?"

"አልበላም።"

እጁን ይዤ ተቀመጥኩ። እጁ ሙቅ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ሞተ።

ለቅሶ ላይ አፓርትመንቱ ሞልቶ ሰው ኮሪደር ላይ ቆመ። የሚገባው ሁሉ በምን እንደሞተ ይጠይቃል። በአስም እላለሁ። "አስም ደግሞ ሰው ይገድላል?" ይላሉ፤ ከዚያ እንደገና እጀምራለሁ፤ ደሴቲቱን፣ መቀቀያውን፣ እንፋሎቱን። አንድ ሽማግሌ እስከ መጨረሻው ሰሙኝና አዝነው "ምነው ልጄ፣ ባይበላው ምን ነበረበት?" አሉ። እህቴ ናት ከጓዳ ብቅ ብላ "አባባ፣ ቀምሶት አያውቅም" ያለቻቸው።

አርባውን ካወጣሁ በኋላ አሮጊቷ ጋ ደወልኩ። መሞቱንና አርባውን ማውጣቴን ነገርኳቸው።

"እኛም አርባ እናወጣለን" አሉ። "የክርስትና ስሙን ንገሪኝ።"

ነገርኳቸው። ባፋቸው እየደጋገሙ አጠኑት። ቄሱ ደሴቲቱን ለቀው ስለሄዱ እሑድ የሚሰበሰቡት ጥቂት አሮጊቶች ብቻ እንደሆኑ፣ የቻሉትን እንደሚዘምሩለት ነገሩኝ። ስለ ወፎቹ ጠየቅኳቸው። ዘንድሮም ባሕሩ ዳር ወድቀው አይተዋቸዋል፤ አሁን ግን ወርደው አያዩም፤ ጉልበታቸውም አይችልም። ልጃቸው አንኮሬጅ ነይ እያለ ይጨቀጭቃቸዋል። ከፋሲካ በኋላ ሊሄዱ ነው።

"ደስ ብሎዎታል?" አልኳቸው።

"ፎቅ ላይ ነው የሚኖረው" አሉ። "እኔ ደግሞ ደረጃ አልወድም።"

ሥራ የምገባበት ሰዓት ደርሶ ስለነበር ተሰናበትኳቸው።